ቁልቁለቱን የተሸከመው ድንጋይ

በእኛ አገር፣ በወሎ ደጋ፣ ሰው ነገር ካመለጠው በኋላ ሲንደፋደፍ ሲታይ የሚባል አንድ አባባል አለ። በቅርቡ ሰርግ ላይ አንድ ሰው የተደፋበትን የሻይ ብርጭቆ ሊይዝ ሲሯሯጥ ጎረቤቱ ያንን አባባል ጣል አደረገበትና ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አባባሉ ሰው የሞተበት ነው፤ አክስቴ ዘሀራ ስትነግረኝ እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ከተራራ ሥር ያለው የአክስቴ መንደር ወፍጮ አልነበረውም። ሴቶቹ እህል ተሸክመው የአንድ ቀን መንገድ ይሄዱ ነበር። አያ እንድሪስ የሚባሉ ድንጋይ ጠራቢ ይህ ሲያንገበግባቸው ኖሮ ወንዙ ዳር የውሃ ወፍጮ ሊያቆሙ ተነሱ። ለወፍጮ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ ያለው ተራራው አናት ላይ ነውና እዚያው አምስት ወር ሲጠርቡ ከረሙ። የታችኛውን ድንጋይ አስቀድመው አወረዱ። የቀረው የላይኛው፣ መሀሉ የተበሳው ነበር።

ድንጋይ የሚወርደው በጅጌ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ያወርደዋል። ወጉ የታወቀ ነው። በቀዳዳው ግንድ ይሻገራል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጠፍር ይታሰራል። ሰው ሁሉ ከላይ ሆኖ ጠፍሩን እየያዘ ሦስት እርምጃ ያወርድና ሽብልቅ ያስገባለታል። ከድንጋዩ በታች ማንም አይቆምም። እንዲህ ሲባል ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ከጅጌው መካከል የአያ እንድሪስ አማች እብሬ ነበረበት፤ ልጃቸውን መሬምን ካገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጉልበተኛ፣ ሳቂታ፣ ግን ችኩል። ገና ከአናቱ ሲነሱ አንዱ ጠፍር ላላና ድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ተንከባለለ። እብሬ ዘሎ ገብቶ በእግሩ ደግፎ አቆመው። ሰው ሁሉ አደነቀው። አክስቴ፣ እሱን የገደለው ያ አድናቆት ነው ትላለች።

መንገዱ ተጋምሶ ከወንዙ በላይ ካለው ሣራማ ቁልቁለት ሲደርሱ እብሬ ጠፍሩን ከትከሻው አወረደ። እንዲህ ከተጓዝን የጁምዓ ሶላት ያመልጠናል አለ። ድንጋዩ ክብ ነው፣ ይለቀቅና ራሱ ይውረድ፤ እኔ ቀድሜ ወርጄ በወይራ ግንድ አቆመዋለሁ አለ። አያ እንድሪስ ተው አሉት።

«አናቱ ላይ በእግሬ ያቆምኩት ይኸው ድንጋይ አይደለም? በግንድ ያቅተኛል?»

«አናቱ ላይ ያቆምከው ድንጋዩን ነው። እታች የሚደርስብህ ግን ቁልቁለቱ ሁሉ ነው።»

የእብሬ ፊት ጠቆረ። አማች ደግሞ በእኛ ዘንድ የክብር እንግዳ ነው፤ በሰው ፊት አይነቀፍም፣ ያሰበውንም አይከለከልም። የቀሩትም ደክሟቸው ስለነበር ሽማግሌውን ያገዘ አልተገኘም። አያ እንድሪስ ዝም አሉ። ዝምታቸው እሺታ ተባለና እብሬ የወይራውን ግንድ ተሸክሞ ወረደ። ከታች ሆኖ እጁን ሲያነሳ ሁሉም ጠፍሩን ለቀቁ፤ የመጨረሻው እጅ የአያ እንድሪስ ነበር።

መጀመሪያ ድንጋዩ ሰው በእግሩ ሊከተለው በሚችል እርምጃ ሄደ። ቀጥሎ ሣሩን ይላጨው ጀመር። ከዚያ መሬቱን አንዴ ነክቶ አንዴ ይዘላል። አያ እንድሪስ ሽሽ እያሉ ጮኹ። እብሬ ግን ወይ አልሰማም፣ ወይ መሸሽ አፈረ። ወይራው እንደ አገዳ ተሰበረ። ድንጋዩ በእሱ ላይ አልፎ ወንዙ ዳር ካለው ቋጥኝ ጋር ተላተመ። ብልጭታው በቀን ታየ፣ ድምፁ ማዶ ያሉትን ከብቶች አስበረገገ፣ የአምስት ወሩ ልፋት ከሦስት ተሰነጠቀ።

አያ እንድሪስ ሲደርሱ የእብሬ ነፍስ ወጥታለች። የተሰበረውን ድንጋይ ሊደገፉ እጃቸውን ቢያሳርፉ ስንጥቁ ሞቋል። ያ ቦታ እስከ ቀትር ፀሐይ አያገኝም። እጃቸውን ሳያነሱ ለራሳቸው፣ «ያ ሁሉ ሩጫ የት ይጠፋል?» አሉ። «ግንዱ ውስጥ ገባ፣ የልጄ አጥንት ውስጥ ገባ። የተረፈው ይኸው እዚህ ይሞቃል።»

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች የአላህ ውሳኔ ነው እያሉ አጽናኗቸው። እሳቸውም ልክ ናችሁ ብለው አንገታቸውን ደፉ። መሬም ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እርስዎ ተው ብለውት ነበር አሉ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ አልኩት። ከዚያ አማቼ ነው ብዬ አፈርኩ። ግንዱን ከትከሻው መቀማት ስችል ዝም ብዬ፣ የጮህኩት ድንጋዩ ከሄደ በኋላ ነው።»

መሬም አለቀሰች። አያ እንድሪስም ጠፍር የላጠውን መዳፋቸውን ራሷ ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ ቆሞ ሳለ ያልያዙትን ሲሮጥ አይመልሱትም» አሉ።