ውሃ ካልጠጣሁ አልበራም ያለው ሳጥን

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላሟ አራተኛ ፎቅ አትወጣም። «የገመድ በረት» በሉኝ።

አንድ ያፌት የሚባል ጢም ያወጣ ልጅ ነበረ። ያፌት ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊገጥም ተነሳ። እንደሱ ያለ ኮምፒውተር ሲሠራ ይግላል፤ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ውሃ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል። «ሰፋ ያለ ሳጥን አድርግለት» ቢሉት፣ «ትንሽ ነው የሚያምረው» ብሎ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን አመጣ። ያማረችው ሳጥን ወገቡን ቆረጠችው። አንዱን ዕቃ ለማስገባት ሌላውን ማውጣት፣ የወጣውን ለመመለስ የገባውን መንቀል። ከጠዋት ጀምሮ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲያስገባ ሲያወጣ ጣቱ ተላጠ፣ ዓይኑ ቀላ።

አባቱ አቶ ድንቁ ደግሞ ቆርጦ ተናግሯል። «ዜና ሳይጀምር ካልበራ፣ ይሄ ሁሉ ኮተት ተጠርጎ በረንዳ ይወጣል።» በረንዳው ላይ ዝናብ ይገባል።

«ጌሙም ይቅርብኝ» አለ ያፌት፤ «አንዴ ብቻ ይብራልኝ።»

ሄዶ ሳጥኑን ለመነው። «ሳጥን ሳጥን፣ ብራልኝ!»

«ውሃ ካልጠጣሁ አልበራም» አለ ሳጥን።

ውሃው አጠገቡ በሃይላንድ ተቀምጧል። የቧንቧ እንዳይመስላችሁ፤ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው፣ የተጣራው ነው። «ውሃ ውሃ፣ ግባለት! ሳጥን አልበራም አለኝ።»

«ቱቦው ካልታጠፈ በየት በኩል? አልገባም» አለ ውሃ።

ቱቦው እንደ መስተዋት ያለ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። የቀሩትን ሰባብሮ ይሄ የመጨረሻው ነው። «ቱቦ ቱቦ፣ ታጠፍልኝ! ውሃ አልገባም አለ፣ ሳጥን አልበራም አለ።»

«ካልሞቀኝ አልታጠፍም። በግድ ካልክ እሰበራለሁ» አለ ቱቦ።

«ኧረ ደከመኝ!» አለ ያፌት። ተነስቶ የእህቱን የሶልያናን ፀጉር ማድረቂያ አነሳ። ሶልያና ሶፋው ጫፍ ላይ ትራስ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ለፀጉርህ ነው? የቱን ፀጉር ልታደርቅ?» አለችው።

«ሶልዬ፣ ዛሬ ተይኝ። በእናትሽ።»

ወደ ማድረቂያው ዞረ። «ማድረቂያ ማድረቂያ፣ ሙቅልኝ! ቱቦ አልታጠፍም አለ፣ ውሃ አልገባም አለ፣ ሳጥን አልበራም አለ።»

«ገመዴ አጭር፣ ሶኬቱ ሩቅ። ኤክስቴንሽን ካልመጣ አልሞቅም» አለ ማድረቂያ።

ኤክስቴንሽኑ ሶፋ ስር ነው። ያፌት በሆዱ ተኝቶ ጎተተው፤ ንቅንቅ የለም። «ኤክስቴንሽን ኤክስቴንሽን፣ ውጣልኝ! ማድረቂያ አልሞቅም አለ፣ ቱቦ አልታጠፍም አለ፣ ውሃ አልገባም አለ፣ ሳጥን አልበራም አለ።»

«የሶፋው እግር ቆሞብኛል፤ ሶፋው ላይ አባትህ አለ። ካልተነሳ አልወጣም!»

ያፌት ከወለሉ ቀና ማለት አቃተው። እዚያው እንደተኛ «አባዬ፣ ተነሳልኝ» አለ። «ኤክስቴንሽን አልወጣም አለ፣ ማድረቂያ አልሞቅም አለ፣ ቱቦ አልታጠፍም አለ፣ ውሃ አልገባም አለ፣ ሳጥን አልበራም አለ።»

«ሻይ ካልጠጣሁ አልነሳም» አለ አባት። «የእናትህን ሻይ። ያንተን ቀምሼ አውቀዋለሁ።»

«ኧረ ደከመኝ!» አለ ያፌት፤ ግድግዳ ይዞ፣ ኩሽና በር ላይ ደረሰ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ገልብጣ፣ ድስቱ ወለል ላይ፣ ሰሃኑ ወለል ላይ።

«እማዬ፣ ሻይ አፍዪልኝ። አባዬ አልነሳም አለ፣ ኤክስቴንሽን አልወጣም አለ፣ ማድረቂያ አልሞቅም አለ፣ ቱቦ...»

«ጸበሌ ሳይገኝ እሳት አልለኩስም!» አለች እናት። «ኩሽናም ማንም አይገባም! ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ያመጣሁት! ፍሪጅ ላይ፣ በሃይላንድ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ክር ያሰርኩበት!»

በቃ። ያፌት ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ። የሚለምነው ሰው አለቀ፣ የሚለምነው ዕቃ አለቀ። ለራሱ ማንጎራጎር ጀመረ። «ጸበል አልገኝም አለ፣ እማዬ አላፈላም አለች፣ አባዬ አልነሳም አለ፣ ኤክስቴንሽን አልወጣም አለ፣ ማድረቂያ አልሞቅም አለ፣ ቱቦ አልታጠፍም አለ፣ ውሃ...»

ውሃ ሲል ግንባሩን ሃይላንዱ ላይ አሳረፈ። ቀዝቀዝ አለው። ዓይኑን ሊከድን ሲል፣ አፍንጫው ፊት አንድ ነገር አየ።

ነጭ ክር።

«እኔ ክር አላሰርኩም» አለ ቀስ ብሎ።

ሶልያና ትራሱ ውስጥ ፊቷን ቀብራ በሳቅ ፈነዳች። ከትራሱ ጀርባ ሌላ ሃይላንድ ዱብ አለ፤ ክር የለውም።

«አንቺ! የእማዬን ጸበል ልጨምረው ነበር እኮ!»

«ሳትጨምር ልነግርህ ነበር፤ ወላሂ!» አለች፣ ወላሂ ማለት ከጎረቤት የለመደችው ነው። «ጠዋት ‹ውሃዬን ማንም እንዳይነካ› ብለህ ባትጮህ ኖሮ እኮ አልነካም ነበር። ስትለኝ እጄ በላኝ።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አጣ። ክር ያለውን ይዞ ወደ ኩሽና ሄደ።

ጸበል ተገኘ፤ እናት እሳት ለኮሰች። ሻይ ፈላ፤ አባት ጠጣ። አባት ተነሳ፤ ኤክስቴንሽን ወጣ። ማድረቂያ ሞቀ፤ ቱቦ ላላ፣ እያቃሰተ ታጠፈ። ያፌት ውሃ ቢያንጠባጥብ እንዲታየው መጋጠሚያው ስር ሶፍት አነጠፈ፤ ውሃው ገባ፣ ዞረ፣ ሶፍቱ ደረቅ። ሳጥን ጠጣ።

የዜናው ሙዚቃ ሊጀምር ሲል፣ ሳጥን በራ።

«ይሄው ነው?» አለ አባት፤ ግን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ተመስገን!» እያለች እናት ከኩሽና መጣች፤ ሃይላንዱን ከፍታ፣ መዳፏ ላይ ጸበል አድርጋ። «ቡዳ እንዳይበላው ትንሽ ልርጨው።»

ያፌት ተወርውሮ ሳጥኑን በደረቱ ሸፈነ። «እማዬ፣ ውሃ ከነካው ይሞታል!»

«አሁን ሃይላንድ ሙሉ ስታጠጣው አይቼ የለ? የኔ ጠብታ ነው የሚገድለው?»

«በውስጥ ነው እንጂ በላይ አይሆንም!»

«እንግዲያስ አንተው ተቀበልለት» አለችና ጸበሉን አናቱ ላይ፣ ማጅራቱ ላይ ረጨችው። ቀዘቀዘው። ከጠዋት ጀምሮ ሲግል የዋለው እሱ ነበረ።

እዚያው ሳጥኑን እንዳቀፈ እንቅልፍ ወሰደው። ሶልያና ትራሷን ከጭንቅላቱ ስር አደረገችለት፤ ከዛ ቀስ ብላ የጌሙን መጫወቻ አነሳች።

ተረቴን መልሱ፤ ያፌትን ግን እንዳትቀሰቅሱ።