ለአህያ የተነሣው ከርከሮ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ ወንዞች ሁሉ አሸዋ በሆኑበት የድርቅ ዘመን፣ የቆላው አራዊት በአንዲት ኩሬ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ኩሬዋ ትንሽ፣ ጠጪው ግን ብዙ ስለ ነበር ጌታ አንበሳ ሁለት ሕግ ደነገገ። አንደኛው፣ ድርቁ እስኪያልፍ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይበላ የሚከለክል ነው። ሁለተኛው፣ ግፊያ እንዳይሆን፣ ከኩሬዋ በላይ ባለው ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተገኘ ብቻ ወርዶ እንዲጠጣ የሚያዝ ነው። ለመጪው ሁሉ ስፍራ የሚያሳይ አጋፋሪም ያስፈልግ ነበርና ሹመቱ ለአያ ጅቦ ደረሰ። ጅብን ያለ ሥራ ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑን ጌታ አንበሳ ጠንቅቆ ያውቃል።

በዋርካው ሥር የተከበረ ስፍራ ከነበራቸው አንዱ አያ ከርከሮ ነው። አንገቱ የማይታጠፍ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከማለዳ እስከ ማታ ስለ ጨዋነት ተናግሮ የማይጠግብ ሽማግሌ ነበር። ውሃ እንኳ ሲጠጣ ድምፅ ላለማሰማት ይጣጣራል፤ ይህ ለከርከሮ ምን ያህል አድካሚ እንደ ሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

በዚህ መካከል እመት አህይት ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። ጌቶቿ ድርቁን ሸሽተው ሲሰደዱ የጣሏት ናት። የጀርባዋ የጭነት ቁስል ገና አልሻረም፤ ጡቷ ስለ ነጠፈም የውርንጭላው ጉልበት ይብረከረክ ነበር።

እመት ቀበሮ ይህን ባየች ጊዜ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ተጠጋች። አንድ ጠጪ ቢጎድል ለእሷ የሚተርፈው ውሃ ታይቷት ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ይህችንም ልታስገባ ነው?»

«ምን ላድርግ? እንዳልበላት ተከልክያለሁ።»

«መብላት ተከለከልክ እንጂ መናቅ መቼ ተከለከልክ?»

እንዲህ ያለ ሐሳብ በራሱ መጥቶለት ስለማያውቅ አያ ጅቦ እጅግ ተደነቀ። ደረቱን ነፍቶም መንገዱን ዘጋ።

«ቁሚ! ጭነት የተሸከመ ዘር ከእኛ ጋር ጥላ አይጋራም!»

«ይህ የማን ሕግ ነው?» አለች አህይት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የጌታ አንበሳ ነው ወይስ ያንተ?»

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞሮ፣ «የማን ነው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ።

«የአባቶቻችን በላት።»

«የአባቶቻችን ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አባትህንስ አውቃቸዋለሁ። እናቴን የበሏት ከነጭነቷ ነው፤ ያን ዕለት ዘሯን አልጠየቋትም።»

ከጥላው ሥር አንዱ ሳቅ አመለጠው። አያ ጅቦም «ውጪ! ውጪ!» እያለ መሬቱን ደበደበ። አህይትም ወደ ተቀመጡት ዞራ፣ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለቻቸው።

ዝንጀሮን በድንገት የልጁ ቅማል አሳሰበው። ዔሊ አንገቷን ወደ ቤቷ ሰበሰበች። አያ ከርከሮም ቀና ማለት በማይችል አንገቱ ቀና ለማለት እየታገለ፣ «ዘንድሮ ዋርካው ፍሬ ሳይዝ አይቀርም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። አህይት ጥቂት ጠበቀች፤ የሚናገር ስታጣ ልጇን እየገፋች ሄደች።

ቀኑ ሲመሽ አያ ከርከሮ እንደ ዘሩ ልማድ በኋላው ወደ ጉድጓዱ ገባና የሆነውን ሁሉ ለባለቤቱ አወራላት።

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?» አለችው።

«እኔማ ዝም አልኩ። ከባለጌ ጋር አፍ አልካፈትም።»

«ከባለጌው ጋር ይነጋገሩ ማን አለዎት? ከእንግዳዋ ጋር ነው እንጂ! እንግዳ ቆማ፣ እርስዎ ተቀምጠው ዋሉ?»

በዚያ አገር ልማድ ትልቅ ወይም እንግዳ ሲመጣ አንዱ «ኖር!» ብሎ ከተነሣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይነሣል፤ መጪውም «በእግዜር!» ብሎ በተለቀቀለት ስፍራ ይቀመጣል፤ የተነሡትም መልሰው ይቀመጣሉ። በኖር የተቀመጠን አጋፋሪ እንኳ ሊያስነሣው አይችልም። ሌላው ተነሥቶ ሳለ ተቀምጦ የቀረ ደግሞ ባለጌ ይባላል፤ አራዊቱም ባለጌ ከመባል መበላትን ይመርጡ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ደንብ ለጎረምሳ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው አያ ከርከሮ፣ ደንቡ በተፈለገበት ሰዓት ስለ ዋርካ ፍሬ ማውራቱ ቆረቆረው።

በማግስቱ እመት አህይት ተመልሳ መጣች። ውርንጭላው አሁን የሚራመደው በእናቱ ጎን ተደግፎ ነው።

«አሁንም መጣሽ? አታፍሪም?» እያለ አያ ጅቦ ተንደረደረ።

ጅቡ ከርከሮን በቁመትም በመንጋጋም ይበልጠዋል፤ ተነሥቶ የሚከተለው ቢያጣ ደግሞ መሳለቂያ መሆኑ ነው። ቢሆንም ጉልበቱን አጽንቶ ብድግ አለ።

«ኖር! እመት አህይት፣ ኖር!»

ዝንጀሮ ግራና ቀኙን አይቶ ልጁን እንዳቀፈ ተነሣ። ሚዳቋ ተነሣች፤ ጃርትም እሾኹን እያንኳኳ ተከተለ።

«እኔም ተነሥቻለሁ!» አለች ዔሊ። «አይታይም እንጂ ቆሜአለሁ!»

እመት ቀበሮ እንኳ ባለጌ እንዳትባል ፈርታ ከወገቧ ከፍ አለች። አያ ጅቦም «ኖር» የሚለውን ድምፅ እንደ ሰማ፣ የአጋፋሪነት ልማዱ ከልቡ ቀድሞ አፉን ከፈተውና እጅ እየነሣ፣ «ይግቡ! ይግቡ!» ብሎ ዞር አለላት። ቀና ሲል አህይት፣ «በእግዜር! በእግዜር! አትነሡ!» እያለች ከከርከሮ ጎን ተቀምጣለች።

«ማን አስገባት?» ብሎ ጮኸ።

«አንተው ነህ» አለ ዝንጀሮ። «ያውም ‹ይግቡ› እያልክ።»

«አያ ከርከሮ! ይህችን ባለ ቁስል ከጎንህ ታስቀምጣለህ?»

አያ ከርከሮ ወደ ጅቡ አልዞረም። ፊቱን ለእንግዳዋ ሰጥቶ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አላት።

«አቧራ ነው።»

«ልጁስ ደኅና ነው?»

«ውሃ ካገኘ ደኅና ይሆናል።»

አያ ጅቦ ጮኸ፤ ጥርሱን አሳየ፤ አፈር በተነ። የሚሰማው ግን አላገኘም። ዝንጀሮ እንኳ ለውርንጭላው ቅጠል ያርገበግብለት ጀመር። በመጨረሻ ጅቡ፣ «እንግዲያው እኔ ከእሷ ጋር አልቀመጥም! ቆሜ እውላታለሁ!» ብሎ ፎከረ።

«ጀግና!» አለች እመት ቀበሮ። «ክብር ማለት ይህ ነው! አደራህን እንዳትቀመጥ!» ይህን ስትል በእሱ ስፍራ ላይ እግሯን ዘርግታ ተንጋላ ነበር።

ፀሐይ ከአናት ላይ ስትደርስ ጌታ አንበሳ እያዛጋ መጣ። ጥላው ሥር ያሉትን ቃኘና፣ «የተቀመጠ ሁሉ ይውረድ» አለ። ከዚያ ዓይኑ በፀሐይ ላይ በተገተረው አጋፋሪ ላይ ዐረፈ።

«አንተስ ለምን ቆምክ?»

«ስለ ክብሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ክብርህን ጠጣ» ብሎ አለፈው።

ውርንጭላው አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጠጣ። ተንፍሶ ደግሞ ጠጣ። አያ ከርከሮም ከአጠገባቸው ቆሞ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ጠበቀ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ከርከሮ» አለች አህይት።

«ምንም አይደል። ጨዋ የሆነ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

«ትናንትስ እዚህ አልነበርክም?»

«ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎን፣ አይቼሃለሁ።» በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። «ልጄ ትናንት ጭቃ ልሶ ነው ያደረው።»

የከርከሮ ጅራት ዝቅ አለ። «ነገ ጥላው ሥር ተቀምጬ አልጠብቅሽም» አላት። «ከመንገዱ ላይ ተቀብዬሽ አብረን እንገባለን።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው በዘሩ ወይም በመልኩ በአደባባይ ሲዋረድ ብናይ፣ ዝምታችንን ጨዋነት ብለን ሳንሸልም፣ ከአዋራጁ ጋር ከመሰዳደብም በፊት ለተዋረደው ብድግ ማለት እንዳለብን፣ ያውም ልጁ ጭቃ ልሶ ሳያድር በመጀመሪያው ቀን መሆን እንደሚገባው ነው።