ከመንገድ ማዶ የማይነበብ ታፔላ

አንዲት ወጣት ነበረች። ሦስት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ሠራችና አንድ ቀን «ከእንግዲህ በራሴ ነው የምሠራው» ብላ ላፕቶፗን አቅፋ ወጣች። ከሁሉ አስቀድማ ምን ሠራች? የራሷን ቢዝነስ ካርድ! «ፍሪላንስ ዲዛይነር» የሚል፣ በወርቃማ ቀለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የኛ ልጅ ግን ጥምጥሙን አስቀደመች። አትሳቁባት። ብዙዎቻችን ጠምጥመን ነው የጀመርነው።

እናቷ «የያዝሽውን ሥራ ጥለሽ ባይሳካልሽስ?» ይሏታል። እሷም በልቧ የምትፈራው እሱኑ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ወደዚያው ማተሚያ ቤት መመለስን።

የመጀመሪያውን ሥራ የሰጧት ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው። ወፍጮ ቤት ከፍተዋል፤ ወፍጮው ግን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጓሮ ውስጥ ነው። ታፔላ ከሌለ ማን ያገኛቸዋል? ልጅቷ ስምንት ቀን ደከመችበት። ቀጫጭን ፊደል፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ጥግ ላይ አንዲት የስንዴ ዛላ። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈው ጓደኞቿ አደነቁላት።

ታፔላው በተሰቀለ በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ዘርፌ ደወሉ።

«ልጄ፣ ታፔላሽ እንደ ሙሽራ ያምራል። ሰው ግን ጤፉን ተሸክሞ አልፎኝ ይሄዳል። ዛሬ አንዲት ሴት እዚያው የታፔላው ብረት ላይ ተደግፋ ‹እዚህ ሰፈር ወፍጮ ቤት አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የት ይሆን?› ብላ ጠየቀችኝ!»

ልጅቷን አመማት። ምን አለች መሰላችሁ? «ሰው ዲዛይን አይገባውም!» ሲያመን የምንለው ይህንኑ አይደል? ጥፋቱ የአላፊ አግዳሚው ነው! ቢሆንም ልቧ አላረፈላትምና በማግስቱ ሄደች።

ከታፔላው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጋሽ ላምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ የባጃጅ የጎን ቁጥር እየቀቡ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማውን ታፔላ በብሩሽ የጻፉ ሰው ናቸው። የማተሚያ ማሽን ሲመጣ ሥራቸው ነጠፈ፤ ልጅቷም ይህን ታውቃለች፤ ማሽኑ ላይ ስትሠራ የነበረችው እሷ ናትና።

«ያንን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ቆንጆ ነው። ስትሠሪው ከየት ሆነሽ ነበር የምታዪው?»

ከየት ሆና ነበር? ከወንበሯ፣ ከክንድ ርቀት! ዞር ብላ አየችው። የፊደሎቹ ቀለበት ጠፍቷል፤ እግራቸው ከጀርባው ቀለም ጋር ተዋህዷል። የገዛ ሥራዋን ማንበብ አቃታት። ሦስት ዓመት ታፔላ ስትሠራ አንድም ቀን መንገድ ተሻግራ አይታ አታውቅም።

ዞራ መሄድ ትችል ነበር። ወርቃማው ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እሷ ግን «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አለች።

«እኔ ኮምፒውተር የት አውቄ፣ ልጄ?»

«እኔስ ከመንገድ ማዶ ማየት መች አውቄ!»

ጋሽ ላምቤቦ ሳቁና ብሩሽና አሮጌ ቆርቆሮ ሰጧት። ወር ሙሉ በየጠዋቱ መጣች። አንድ ፊደል ትጽፋለች፣ ትሻገራለች፣ ታያለች፣ ተመልሳ ታጠፋለች። ደግሞ ትጽፋለች፣ ደግሞ ትሻገራለች። የባጃጅ ሾፌሮች «ተሻገረች!» እያሉ ይስቃሉ። የድሮ ባልደረቦቿ «ዲዛይነር ነኝ ብላ ወጥታ ቀለም ቀቢ ሆነች» አሏት። እሷ ግን ጥፍሯ ሥር ቀለም ይዛ ደስ ብሏታል። ሽማግሌውንም እንዴት እንደወደደቻቸው! አንድ ጠዋት አንገታቸውን አከክ አከክ አድርገው «ያቺ ላፕቶፕሽ... ለእንደኔ ዓይነቱ ጊዜው አልፏል አይደል?» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪው ሁለት ሆነ።

ለወፍጮ ቤቱ እንደገና የሠራችው አዲስ ታፔላ የተሰቀለ ዕለት ሁለቱም ከማዶ ቆመው ጠበቁ። አንዲት እናት ጤፍ አዝለው እያዘገሙ መጡ። ቀና አሉ። ቆም አሉ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ጓሮው ታጠፉ። ልጅቷ እዚያው መንገድ ዳር አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ሥራችሁን የምታዩት ከየት ሆናችሁ ነው? አንተ አባት፣ ልጆችህን እንደምትወድ አንተ ታውቃለህ፤ እነሱ ካሉበት ሲታይ ይነበባል? አንቺ እህቴ፣ እምነትሽ ለጎረቤትሽ ይታያል? ሸክሙን ይዞ እዚሁ ደጃችን ላይ ተደግፎ «እዚህ ፍቅር አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የት ይሆን?» የሚል ሰው የለም ወይ?

ካለ፣ እባካችሁ «ሰው አይገባውም» አትበሉ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ሚስት ትሁን ባል፣ ልጅም ይሁን፣ አንዱን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ አስተምረኝ፤ አንተ ካለህበት ሆነህ ስታየኝ ምን እመስላለሁ?» በሉት። የሚላችሁን ስሙ። ከዚያ ብሩሻችሁን አንሱ።