መጨረሻ ላይ የጻፈው ሰው

አንድ እድር ነበር። የትኛው ሰፈር እንደሆነ አልናገርም፤ ከተናገርኩ ታሪኩ ይቀርና በሰፈሩ ላይ ክርክር ይነሳል፣ እኔ ደግሞ ክርክር በቅቶኛል።

እድሩ እንደማንኛውም እድር ድንኳን ነበረው፣ ወንበር ነበረው፣ ትልልቅ ድስቶች ነበሩት። ደጉ የሚባል ጥሩንባ ነፊም ነበረው። ሰው ሲሞት ጋሽ ደጉ በማለዳ ተነስቶ በየመንገዱ እየዞረ ጥሩንባውን ይነፋና "እድርተኛ ስማ! እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ ዛሬ ነው!" ይላል። ያን ሰምቶ ቤቱ የሚቀር አልነበረም። ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ነበር ሰው የሚወጣው።

በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበና "በዚህ ዘመን ጥሩንባ ምን ያደርግልናል? ሁሉም እጅ ላይ ስልክ አለ፣ ግሩፕ እንክፈት" ተባለ። ተከፈተ። ጋሽ ደጉ ተመስግኖ ቤቱ ገባ፤ ጥሩንባው ከእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ ከግሩፑ አናት ላይ "ከለቅሶ፣ ከሕመምና ከስብሰባ ውጭ መጻፍ ክልክል ነው" ብሎ ለጠፈ። ለጥቂት ጊዜ ተከበረ። ከዚያ አንዱ "ደህና አደራችሁ" አለ፤ ደህና አደራችሁን ደግሞ ማን ይከለክላል? ሌላው የአበባ ሥዕል ላከ። ሌላው ደግሞ "ይህን ዜና አይታችኋል?" አለ። በቃ፣ ያን ቀን አለቀልን።

ከዚያ ወዲህ ያልተነሳ ነገር የለም። የነዳጅ ዋጋ፣ የሰው አገር ምርጫ፣ ኳስ፣ የሚመጣ ጦርነት፣ የማይመጣ ጦርነት። የሰፈሩ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃውን እየዘለለ የሚያልፈው ሰውዬ ግን ስልኩ ላይ አፍጥጦ በካርታ እንኳ ስለማያውቀው አገር ይሟገታል። ቧንቧውን የሚያነሳ ቢኖር "ከርዕስ አትውጣ" ይሉታል።

ከሁሉም የባሱት ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዱ ጋሽ ቢሻው ነው፤ ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሰ ጨዋታ አዋቂ። ሌላው ጋሽ ሽብሩ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ነገር ከያዘ የማይለቅ። ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በግድግዳው "ይማርህ!" ይል ነበር። ድሮም ይከራከራሉ። ሱቁ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው ሬዲዮ የነገራቸውን ሁሉ ሲሰነጥቁ ይውላሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ እጅ ያወናጭፋሉ። ሲመሽ ግን ብርዱ ይመጣል፣ እራት ይደርሳል፣ አንደኛው "ተነስ ባክህ፣ እንሂድ" ይላል። መንገዱ አንድ ነውና አብረው ይሄዳሉ። ክርክሩ አግዳሚዋ ላይ ይቀራል።

ግሩፕ ግን እራት የለው፣ ብርድ የለው። ትናንት የተጻፈው ዛሬም እዚያው ነው። ሰው ጠዋት ስልኩን ሲከፍተው ስድቡ ትኩስ እንደሆነ ይጠብቀዋል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የጻፈ ያሸነፈ ይመስላቸው ጀመር፤ አንዱ ጽፎ ከተኛ ሌላው እንቅልፍ አይወስደውም። አግዳሚዋ ባዶዋን ቀረች። በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ ዋል አደር ሲል ጭራሽ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በስልክ ይፋለማሉ። ወይ ጉድ!

ቢሻው ክርክር ሲከብደው በቀልድ ሹልክ የማለት ልማድ ነበረው። "ሽብሩ ገደልከኝ! ሞቻለሁ፣ ድንኳን ትከሉልኝ" ብሎ ይጽፋል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ተሸንፎ እያለ ሳቁን የሚወስደው እሱ ስለሆነ ሽብሩ አንጀቱ ቅጥል ይላል።

አንድ ቅዳሜ በሰፈሩ ያልፋል የተባለው የአዲሱ መንገድ ወሬ ተነሳ። ቢሻው "ይጠቅመናል" አለ፣ ሽብሩ "ያፈርሰናል" አለ። ተካረሩ። በመጨረሻ ሽብሩ "አንተ ዕድሜህን ሙሉ መሪ ጨብጠህ አንድ ቀን እንኳ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ የኖርክ ሰው ነህ" ብሎ ጻፈ። ከሾፌሩ መልስ ጠፋ። ሽብሩ ጠበቀ፣ አሁንም ጠበቀ። ዝም ሲባል ረታሁ አለና ደስ ብሎት ተኛ።

እሑድ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት በቢሻው ስም አዲስ መልእክት አገኘ። "ጋሽ ቢሻው ሌሊት አርፏል። ድንኳን እንድትተክሉልን እንለምናለን" ይላል። የጻፈችው ልጁ ሰናይት ነበረች። ግሩፑ ውስጥ የሚገባው የእድሩ አባል ብቻ ስለሆነ በአባቷ ስልክ መጻፍ ግድ ሆኖባት ነው። ቤት ውስጥ ከእናቷ ከእትዬ አሰለፈች በቀር ሰው አልነበራትም።

ይህን ማን ያውቃል? ሳቁ ወረደ። "ጋሽ ቢሻው ዛሬ ደግሞ በጠዋቱ!" አለ አንዱ። "ሽብሩ ትናንት ጨክኖበታል እኮ" አለ ሌላው። "ንፍሮው ደርሷል ወይ?" ብሎ የጠየቀም አለ። ግማሹ እድርተኛ ደግሞ በጭቅጭቁ ተሰላችቶ የግሩፑን ድምፅ ከዘጋ ቆይቷል፤ እነሱ ጭራሽ አላዩትም። ሽብሩ ፈገግ አለና ጣቱን አሹሎ "ሞተህም አትረታኝም" ብሎ ጻፈ።

በግድግዳው በኩል ጩኸት ይሰማው ነበር። "ይኼ ሰው ቲያትሩን በድምፅ ማጀብ ጀመረ" አለ ለራሱ። ጆሮው የሰማውን ትቶ ስልኩን አመነ። ሰው ምን ምላሽ እንደሰጠ ለማየት ዓይኑን ተክሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ግን የእትዬ አሰለፈች ድምፅ መጣ። "ቢሻዬ! ቢሻዬ! ለማን ትተኸኝ?" ትላለች። አሰለፈች ቀልድ አታውቅም። ሽብሩ ክው አለ፤ በነጠላ ጫማ እየተደናቀፈ ወጣ።

ሲገባ ወዳጁ ጋቢ ተሸፍኖ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሚስቱ መሬት ላይ ናት። ሰናይት ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ጋሼ፣ የጻፉትን አይቼዋለሁ" አለችው ቀስ ብላ። "እማዬ እንዳታየው ስልኩን ይዤዋለሁ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ... አፈር ልብላ፣ እኔ እኮ ቀልድ..."

"ግድ የለም ጋሼ። ሰው ብቻ ይጥሩልን። ለመገነዝ እንኳ ሰው የለንም።"

ሽብሩ ስልኩን አወጣና "እውነት ነው፣ ቢሻው ሞቷል፣ በእግዚአብሔር ኑ" ብሎ ጻፈ።

"ሽብሩም ተዋናይ ሆነ!" የሚል መልስ መጣ። "ታረቃችሁ ማለት ነው?" አለ ሌላ። አንዱ "ምንጭህ ማነው?" ሲል ሌላው "ፎቶ ካላየን አናምንም" አለ። አንዱ ደግሞ የሐሰት ወሬ ማሰራጨት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ፤ የሕጉ ነገር ሌላ ክርክር አስነሳና ከዚያው ወደ አዲሱ መንገድ ክርክር ተመለሱ። ሽብሩ ለሊቀመንበሩ ደወለ። ሊቀመንበሩ "ሽማግሌዎች ሆናችሁ አታፍሩም እንዴ? በሞት ይቀለዳል?" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ሽብሩ ስልኩን አየው። የራሱ ጽሑፍ፣ "ሞተህም አትረታኝም" የሚለው፣ ከሳቁ መሃል ቁጭ ብሏል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ጋሽ ደጉ ቤት ሮጠ።

"ጥሩንባውን ስጠኝ" አለው ገና ከበሩ ላይ።

"ማን ሞተ?"

"ቢሻው።"

ጋሽ ደጉ ማስረጃ አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚወስድበት ሰው ስላልነበረ አሁንም እሱ ዘንድ ነበር። ሄደው ከፈቱት፤ ደጉ ጥሩንባውን አወረደ፣ አቧራውን በኮቱ ጠረገና ለሽብሩ አቀበለው። "እኔ ትንፋሽ አልቆብኛል" አለ። "አንተ ንፋው፣ እኔ አብሬህ እዞራለሁ።"

ሽብሩ በሕይወቱ ጥሩንባ ነፍቶ አያውቅም። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የታመመ በሬ ይመስላል። ሁለተኛውም ያው ነው። እንባው እየወረደ፣ ጉንጩ እየተነፋ፣ ጭቃውን እየረገጠ በየበሩ ዞረ። "እድርተኛ ስማ! ቢሻው አርፏል! ጎረቤቴ ቢሻው አርፏል!"

በሮች መከፈት ጀመሩ። ሰዎች ከነስልካቸው ወጡ፤ የጀመሩትን መልስ ሳይጨርሱ ጣታቸው ስልኩ ላይ እንዳለ የወጡም ነበሩ። "እውነት ነው እንዴ?" እየተባባሉ እርስ በርስ ተያዩ። ሽብሩን ግን ማንም ምንጭህ ማነው አላለውም። ፊቱን ያዩታላ!

ከዚያ በኋላ እድሩ እድር ሆነ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ሬሳው ተገነዘ፣ ቢሻው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ንፍሮው ደርሷል ወይ ያለው ሰው ከማንም በላይ አለቀሰ። ሽብሩ የሳጥኑን ጫፍ ከያዘበት እስከ መቃብሩ ድረስ አልለቀቀም፤ "ላግዝህ" ሲሉትም እንቢ አለ።

ሐዘኑ በረድ ሲል ሊቀመንበሩ ሽብሩን ጠጋ አለው። "ያቺን ጽሑፍህን ላጥፋልህ? አድሚን እኔ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ብነካት ትጠፋለች።"

"ተዋት" አለ ሽብሩ።

"ሰው ያያታል እኮ።"

"ይያት። እኔም እየከፈትኩ አያታለሁ። ከእሱ ጋር በተጣላሁ ቁጥር መጨረሻ ላይ መጻፍ እፈልግ ነበር። ይኸው ጻፍኩ። መልስ የሚሰጠኝ የለም።"

አሁን የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ሽብሩ ነው። ሞት ሲኖር በጠዋት እየዞረ ይነፋል፤ ዛሬም አልተካነም። ማታ ማታ አግዳሚዋ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሲበርደው "ተነስ ባክህ" የሚለው ስለሌለ አንዳንዴ አምሽቶ ይገባል። ግድግዳውም ዝም ብሏል። ግሩፑ እንደሆነ አለ። ለጥቂት ቀን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ከዚያ አንዱ "ይህን ዜና አይታችኋል?" አለ። ምን ይደረግ? ሰው ነን፤ ቶሎ እንረሳለን።

የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው፣ ግን ግልጽ የሆነውን ነገር ነው የምንረሳው፤ ስለዚህ ልናገረው። ዜናው ነገ ሌላ ዜና ይሆናል፣ የዛሬው ክርክር ለማን እንደጠቀመ አይታወቅም። የምንሰድበው ሰው ግን አንድ ነው፣ እንደ ዜናው አይተካም። ማን ረታ ብለን ስንቆጥር ማን ታመመ፣ ማን ጠፋ፣ ማን በር ዘግቶ ቀረ የሚለው ያመልጠናል። መጨረሻ ላይ መጻፍ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን ይሳካለታል፤ የሚሳካለት ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ሲሞት ነው።

ይህንንም አንብቦ "የት ሰፈር ነው? ማስረጃ አለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል፣ አልመልስለትም። እናንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ትናንት በስልክ ስትሞግቱት ያመሻችሁት ሰው ዛሬ ጠዋት ድምፁ ቢጠፋ፣ ረታሁ ብላችሁ ትተኛላችሁ ወይስ ሄዳችሁ በሩን ታንኳኳላችሁ?