እመት አህይት እና የቀበሮ ኩባንያ መኪና

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ ገበያ ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፣ ከቆላ ጨው ጭና ወደ ደጋ የምትወጣ አንዲት አህያ ነበረች። ጎረቤቶቿ እመት አህይት ይሏታል። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ በገበያው አጥር ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ ሕግ አውጥቶ ስለነበር፣ እዚያ ውስጥ ከጅብም ጋር ቢሆን ተጫውታ፣ ዋጋ ተከራክራ በሰላም ትውላለች። ጭንቁ ከአጥሩ ውጭ ያለው ዳገት ነው። ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል፤ በየጥሻው ደግሞ ጅብ ያደባል። እመት አህይት ያን ዳገት ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ ስትወጣው ኖራ ጀርባዋ ተልጧል፣ ጉልበቷም መክዳት ጀምሯል። «ዘንድሮን እንደምንም ብወጣው ከርሞ የምችለው አይመስለኝም» እያለች ማሰብ ከጀመረች ሰንብታለች።

ቀበሮ አዲስ ኩባንያ ያቋቋመው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከወንዙ በኩል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቅ አለ። ድምፅ የለውም፤ ጭስ የለውም። በዝምታ እየተንሸራተተ መጥቶ ገበያው መሀል ቀጥ አለ። ዶሮዎች ተበተኑ፣ ፍየሎች እየዘለሉ ሸሹ፣ ከርከሮ የያዘውን ድንች ጥሎ አፉን ከፈተ። በሩ ተከፈተና ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ ወረደ።

«ወገኖቼ! ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ! ማታ መብራት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ጠዋት ትበሩበታላችሁ! የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሠራው መብረቅ ኩባንያ ነው፤ የመብረቅ ኩባንያ ባለቤት ደግሞ እኔ ነኝ!»

እመት አህይት ልቧ ዘለለ። ከኋላ ያለውን ሰፊ መጫኛ ስታይ፣ ጨዉ ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ፣ እሷ ደግሞ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ መሪ ጨብጣ ታያት።

«አንዴ ልሞክረው?» አለች።

«ምን ገዶኝ! ይግቡ፣ እመት አህይት!»

ገባች። ሰኮናዋን መርገጫው ላይ ስታሳርፍ መኪናው ወደፊት ተወረወረ። ነፋሱ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጋደማቸው። ገበያውን ዞረች፣ ደገመች፤ ሳታስበው ማናፋት ጀመረች፣ ገበያተኛውም አብሯት ጮኸ፣ አጨበጨበ። በዕድሜዋ ሮጣ የማታውቀውን ሩጫ ሮጠች፤ ያውም ሳይደክማት! ስትወርድ እግሮቿ መሬቱን የረገጡት አልመሰላትም።

ከሕዝቡ መሀል አያ ጅቦ ሁሉንም እየገፈተረ መጣ። «ለእኔ ስጠኝ! እኔ ነኝ የመጀመሪያው!»

ቀበሮ ጅቡን ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ፈገግ አለ። «አያ ጅቦ፣ ለአንተ የሚሆነው ይሄ አይደለም። ይሄ ትንሹ ነው።» ከብብቱ አንድ ትልቅ ሥዕል አውጥቶ ዘረጋ። በሥዕሉ ላይ ግዙፍ መኪና አለ፤ ወንበሩ ቆዳ፣ ጥሩንባው ወርቅማ። «ለአንተ የሚመጥንህ ይሄ ነው። ግን ዋጋው የዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ ይጨምራል።»

«የታል መኪናው?»

«ሊሠራ ነው።»

«ይሠራላ! ምን ቸገረኝ!» አለና ጅቡ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ለክረምት ብሎ ያደረቀውን ቋንጣ በሙሉ፣ አንድ ዘለላ ሳያስቀር፣ ጎትቶ አምጥቶ ቀበሮ እግር ሥር ከመረው።

እመት አህይትም ያጠራቀመችው አሞሌ ጨው ነበራት። እንደ ጅቡ ሮጣ ልታመጣው እግሯ ተነስቶ ነበር። ግን እሱ ካለቀ በክረምት ሸጣ የምትበላው የላትም። ቆም አለች።

«አቶ ቀበሮ፣ ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል?»

«አይበላሽም!»

«ቢበላሽስ?»

«በየመታጠፊያው ጋራዥ አለን።»

«ይህን መንገድ ዘወትር እመላለስበታለሁ፤ አንድም ጋራዥ አላየሁም።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ… ሊኖረን ነው።»

ገበያተኛው ሳቀ። ጅቡ ግን ተናደደ። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ፈሪ! እኔ በመኪናዬ ስከንፍ አንቺ አቧራዬን ስትውጪ አይሻለሁ!»

በዚያ ሳምንት እመት አህይት ጨው ጭና ዳገቱን ስትወጣ መንገዱ ከወትሮው ረዘመባት። መኪናው ከዓይኗ አልጠፋም። በአንድ በኩል «ግዢው፣ ግዢው!» የሚል ነገር ውስጧን ይኮረኩራታል። በሌላ በኩል ቀበሮን ታውቀዋለች። መኪናው እንደሚሄድ አይታለች፤ ያለ ጭነት ገበያውን መዞር ግን ዳገት መውጣት አይደለም። ደጋ ስትደርስ ቆርጣ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቀበሮ ፊት ቀረበች። «ጨዌን በሙሉ ልጫንበትና ዳገቱን ልውጣው። ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ምን ያስፈልጋል? አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ደጋ ደርሶ ይመለሳል እኮ!»

«እንግዲያው ሲደርስ ልየዋ።»

ገበያተኛው ሁሉ ዓይኑን ቀበሮ ላይ ተከለ። እምቢ ማለት አልቻለም። መኪናውን በእጁ የገጣጠመውን መካኒኩን ጦጣ ጠርቶ ከኋላ አስቀመጠው፣ ራሱም ከእመት አህይት አጠገብ ተቀመጠ፤ ጨዉ ተጫነና ተነሱ።

ኧረ እንዴት ያለ ጉዞ ነበር! ያ ስንቴ ያንበረከካት ዳገት በጎማው ሥር ተጣጥፎ ገባ። አንደኛው መታጠፊያ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። ሁልጊዜ ትንፋሿን የምትሰበስብበትን ቋጥኝ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አለፈችው። «እየወጣሁ ነው! እየወጣሁ ነው!» እያለች ትጮኻለች። ቀበሮም «አላልኩም? አላልኩም?» ይላል።

ይሁን እንጂ መሪው ፊት ያሉት አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። የጎሽ ወፍጮ ቤት አጠገብ ሲደርሱ ቀዩ መብራት በራ፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተንፏቀቀና ቆመ። ደጋው ከላይ ይታያል፤ ግን ገና ነው።

«ብርዱ ነው፣ የዛሬው ብርድ» አለ ቀበሮ ቶሎ ብሎ።

እመት አህይት ወደ ኋላ ዞረች። «ጦጣ፣ አንተ ነህ የሠራኸው። ብርዱ ነው?»

ጦጣው ቀበሮን አየት አደረገና አገጩን አከከ። «ብርድ አይደለም፣ እመት። ባዶውን ደርሶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ጨው ይዞ ግን አቅሙ እስከዚህ ነው። እዚህ ወፍጮ ቤት መብራት አለ፤ አንድ ቁና እህል እስኪፈጭ ድረስ ሰክታችሁት ብትጠብቁ ቀሪውን ይወጣዋል።»

ቀበሮ ጦጣውን በክርኑ ጎሸመው። እመት አህይት ግን አልተከፋችም። እንዲያውም ደስ አላት፤ አሁን መኪናው የሚችለውንና የማይችለውን አወቀች። ወፍጮ ቤት ማረፍ ምን ገዷት? በእግሯም ቢሆን ታርፋለች።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ። የቀበሮ ኩባንያ ነገ ቢዘጋ ምን ይውጠኛል?»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ጮኸ ቀበሮ።

«ጎማውና ፍሬኑ የተራ ባጃጅ ነው፤ የትም ይገኛል» አለ ጦጣው። «ባትሪው ግን ከእኛ በቀር የሚሠራው የለም። ደግሞ መኪናው የሚነሳው በኮድ ነው። ኮዱን በየወሩ ከቢሮ እንልካለን። ካልተላከ አይነሳም።»

እመት አህይት ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። «ማለት ቢሮው ከተዘጋ፣ ደጄ ላይ የቆመው የራሴ መኪና እምቢ ይለኛል?»

«እንዲያ ነው፣ እመት» አለ ጦጣው።

«እንግዲህ አቶ ቀበሮ፣ ይስሙኝ» አለች። «ሥዕል አልገዛም፤ የምገዛው ይህንኑ የነዳሁትን ነው። ኮዱ ይነሳልኝና ተራ ቁልፍ ይግባልኝ። ተጨማሪ ባትሪ ገና ስከፍል እጄ ላይ ይሰጠኝ። ጦጣው ደግሞ አፈታቱንና አገጣጠሙን ያሳየኝ። ይህ ከሆነ ካለኝ ጨው ግማሹን እሰጥዎታለሁ። ግማሹ ለክረምቴ ነው፤ አልነካውም።»

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደንበኛ አላየሁም! አይሆንም!»

«እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ጨዉን ማውረድ ጀመረች። ውስጧ ግን እያለቀሰ ነበር። መኪናውን ወዳዋለች፤ እንደዚህ የወደደችው ነገር አልነበራትም። አንዱን ጭነት አውርዳ ወደ ሁለተኛው ስትዞር፣ ቀበሮ አሰበ፦ ከገበያው ሁሉ በእውነት በመኪናው ዳገት የሚወጣ አንድ ደንበኛ ቢያገኝ ሌላው አይቶ ይገዛል።

«ይቁም! ይሁንልዎት!» አለ።

ወደ ገበያው ሲመለሱ ጦጣው ኮዱን አንስቶ ቁልፍ አስገባ፤ እመት አህይትም ጨዉን ከፍላ፣ ተጨማሪውን ባትሪ ተቀብላ፣ የመኪናው ባለቤት ሆና መሪውን ጨበጠች።

ወራት አለፉ። የጅቡም መኪና ደረሰ። እንደ ሥዕሉ ባያምርም ትልቅ ነው፤ የቆዳ ወንበርና ጥሩንባ አለው። አያ ጅቦ ሥራ የለውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያውን እየዞረ ጥሩንባ ይነፋል። በእመት አህይት አጠገብ ባለፈ ቁጥር «አቧራዬን ቅመሺ!» ይላታል። እሷም ጨዉን እየጫነች ትስቃለች።

ክረምቱ በገባ ሰሞን ወሬው እንደ ነጎድጓድ ወረደ። ቀበሮ ያገኘውን ሁሉ አውጥቶ ባለ ብዙ መስኮት ቢሮ ሠርቷል፤ ለተሸጡት ሥዕሎች ግን መኪና የሚሠራበት አልተረፈውም። ገዢዎች ሲጠይቁት «ነገ፣ ነገ» ሲል ከርሞ፣ አንድ ጠዋት የቢሮው በር ተቆልፎ ተገኘ። ቀበሮ ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል፤ እዚያ ማዶ ሌላ ኩባንያ እያቋቋመ ነው ተባለ። 

እመት አህይት ወሬውን ስትሰማ «ኮዱ በእርግጥ ተነስቶልኝ ይሆን?» አለች። እየሮጠች ወደ ደጇ ሄደች። ቁልፉን አስገባች። ጠመዘዘችው። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ቦግ አሉ! መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ አናፋች፣ ደግማ ሳቀች። ሥራ አጥ የሆነው ጦጣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ መክፈቱን ስትሰማ ደግሞ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆነች። እርግጥ ባትሪዎቹ አንድ ቀን እንደሚደክሙ ታውቃለች፤ እስከዚያ ግን ጀርባዋ ያርፋል።

የአያ ጅቦ መኪና ከገበያው አጥር ውጭ፣ ከዳገቱ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ቀረ። ኮዱ አልተላከም። ለመነው፣ ሰደበው፣ በእርግጫ መታው። አልተነቃነቀም። ቋንጣውን ሁሉ ለቀበሮ ሰጥቷል፤ ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያዛጋ እመት አህይት ጨዉን ጭና መጣች።

«እመት አህይት! የኔ እህት! ያንቺው እንዴት ይሄዳል?»

ፍጥነቷን ቀነሰች። «ከመክፈሌ በፊት ኮዱን አስወጣሁት፣ አያ ጅቦ። ጦጣው ወፍጮ ቤት ነው፤ ምናልባት ያንተንም ይፈታልህ ይሆናል። ልንገርልህ?»

ጅቡ ግን ጦጣውንም መኪናውንም ረስቶ ነበር። የሚያየው የወፈረ ጭኗን ነው። ምራቁ መንጋጋው ላይ ዝርክርክ አለ።

«ቅረቢና… በጆሮዬ ንገሪኝ» አለ።

እመት አህይት ከአጥሩ ውጭ መሆናቸው ትዝ አላት። ሰኮናዋን ጫን ስታደርግ ጅቡ ተወነጨፈ! ጥርሱ የጨዉን ገመድ ያዘ፤ አንድ ጭነት ተበጥሶ ወደቀ። ጎማው ጭቃ ላይ ተሽከረከረ፣ ጭቃው የጅቡን ዓይን ሞላው፣ መኪናው መሬት ያዘና ወደ ላይ ተተኮሰ። ጅቡ ሮጠ። አንደኛው መታጠፊያ ድረስ ትንፋሹ ጀርባዋን ሲነካት ይሰማታል። ሁለተኛው ላይ ራቀ። እሷ «ሂድ፣ ሂድ፣ የኔ ጌታ!» እያለች መኪናዋን ታበረታታለች፤ ልቧ በፍርሃትና በደስታ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል። ዞር ብላ ስታይ ጅቡ ምላሱን አውጥቶ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል።

እመት አህይት ያን ቀን ወፍጮ ቤት ባትሪውን ሞልታ ደጋ ገበያ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም ነበር። አያ ጅቦ ደግሞ እየተንገዳገደ ወደ መኪናው ወርዶ በሩን ከፈተና፣ ሌላ የሚቀመስ ነገር ስላልነበረው፣ የቆዳ ወንበሩን ይበላ ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ነገር ልባችንን ቢያዘልለው ነውር እንደሌለው፣ ነገር ግን ሻጩ ነገ ቢጠፋ የገዛነው ዕቃ የሚሠራልን መሆኑን በራሳችን ፈትነን ሳናውቅ ያለንን ሁሉ አውጥተን መስጠት እንደማይገባን ነው።