ሐኪሙ በእግሩ የመጣ ዕለት

አንድ ስሙ የገነነ የካንሰር ሐኪም ነበር። ዶክተር ልዑልሰገድ ይባላል። በአንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የካንሰር ክፍል ኃላፊ ነው። እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ የታረመ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ መልሱን ያውቀው ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሆስፒታሉን አንድ ነገር ያሳስበው ጀመር። የከተማው ሴቶች ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ ቶሎ ይመጣሉ፤ ይታከማሉ፤ ብዙዎቹም ይድናሉ። የገጠሮቹ ግን የሚመጡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፤ አለዚያም ጨርሶ አይመጡም። በሽታው ያው፣ መድኃኒቱ ያው፣ ሐኪሙም ያው፤ መጨረሻቸው ግን ለየቅል ሆነ። ስለዚህ የሆስፒታሉ ቦርድ "ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ይጠና" ብሎ ወሰነ። ጥናቱም ለዶክተር ልዑልሰገድ ተሰጠ።

ዶክተሩ በሦስት ቀን ውስጥ ሃያ ገጽ ጻፈ። መግቢያ አለው፣ ማጠቃለያ አለው፣ ምክረ ሐሳብ አለው። ማጠቃለያው "የገጠሩ ኅብረተሰብ ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ" ብሎ ይጀምራል። የቀረው ነገር ቢኖር ገጠር መሄድ ብቻ ነበር።

"ዶክተር፣ ማጠቃለያውን ትንሽ ቢያቆዩትስ?" አለችው ሲስተር ውድነሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ስትዞር የኖረች ነርስ ናት፤ የጥናቱ ረዳት እንድትሆን ተመድባለች።

"ለምን?"

"ሰዎቹ የሚሉት ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።"

"ካለ በአባሪ እናስገባዋለን" አለ ዶክተሩ።

ሰኞ ማለዳ በነጩ የሆስፒታል መኪና ተነስተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ግራር ማዶ ወደምትባል ቀበሌ ደረሱ። ሕዝቡ በጤና ኬላው ግቢ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ዶክተሩ የጥናቱን ሰንጠረዥ ሰቅሎ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። "ግንዛቤ" የሚለውን ቃል ከመደጋገሙ የተነሳ አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ "ይሄ ግንዛቤ የሚሉት መድኃኒት የሚዋጥ ነው ወይስ የሚወጋ?" ብለው ጠየቁ።

በመጨረሻ ዶክተሩ እጁን ወደ ሴቶቹ ዘረጋ። "ሕክምናው አለ። ሐኪሙም አለ። ታዲያ ለምን አትመጡም?"

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ከኋላ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ተነሳች። ወይዘሮ ደብሬ ትባላለች።

"እኔ መጥቼ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"አይሆንም" አለ ዶክተሩ። "እኔ ያየሁትን ታካሚ አልረሳም። አንቺን አይቼሽ አላውቅም።"

"እርስዎ ጋ መቼ ደረስኩ ጌታዬ? እኔ የደረስኩት መስኮቱ ጋ ነው።"

ሕዝቡ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። ሴትየዋን ወደ ጤና ኬላው አስገብቶ ከሲስተር ውድነሽ ጋር መረመራት። በግራ ጡቷ ውስጥ ጠጠር ያለ እብጠት አገኘ። እጁ እብጠቱ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ተለወጠ፤ የሰንጠረዡ ሰውዬ ጠፍቶ ሐኪሙ ብቅ አለ።

"መጀመሪያ ስትመጪ ምን ያህል ነበር?"

"ሽምብራ ታክል ነበር። ሁለተኛው ላይ ባቄላ አከለች። አሁን ይኸው፣ ትንሽ ሎሚ።"

ዶክተሩ ብብቷን ደጋግሞ ዳሰሰ። ገና ሌላ ቦታ የደረሰ አይመስልም። "ጊዜ የለንም" አለ። "ዛሬውኑ በመኪናዬ ይዤሽ እሄዳለሁ። በቃ፣ አለቀ!"

አላለቀም። በስብሰባው ሰዓት ላይኛው አገር ዝናብ ጥሎ ኖሮ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሾፌሩ ውሃውን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጠው።

"መቼ ይጎድላል?" አለ ዶክተሩ።

"እሱን ወንዙ ነው የሚያውቀው" አለ ሾፌሩ።

ወይዘሮ ደብሬ ቋጠሮዋን አንስታ ጀርባዋ ላይ አደረገች። "ከወንዙ በላይኛው በኩል የእግር ድልድይ አለ። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው በዚያ ነው።"

ሲስተር ውድነሽ የሪፈር ወረቀቱን ጽፋ ሰጠቻት። እሷ ራሷ ግን የቀሩትን ሴቶች ልትመረምር ወደ ጤና ኬላው ተመለሰች። ዶክተሩ ቦርሳውንና መታወቂያውን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ስልኩን ብቻ በኪሱ ይዞ ተከተላት። የራሱ ሆስፒታል አይደለም እንዴ? ምን መታወቂያ ያስፈልገዋል!

መንገዱ ቁልቁል ነበር፤ ከዚያ ዳገት፤ ከዚያ እንደገና ቁልቁል። ዶክተሩ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በመጀመሪያው ሱሪው ቡናማ ሆነ። በሁለተኛው የግራ ጫማውን ጭቃ ዋጠው። በሦስተኛው ጅረት ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ፤ ስልኩም ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም።

"በርቱ" ትለዋለች ወይዘሮ ደብሬ እጇን እየዘረጋች። "ሐኪም እንደወደቀ አይቀርም።"

ከድልድዩ ማዶ ሲያርፉ እያለከለከ ጠየቃት። "ለመሆኑ ሁለት ጊዜ መጥተሽ ለምንድን ነው ሳትታዪ የተመለስሽው?"

"ከወረዳው ከተማ አውቶቡስ የሚነሳው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ብመጣ አዲስ ታካሚ የሚታየው ማክሰኞ ብቻ ነው አሉኝ። ማክሰኞ ብመጣ ካርድ እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው አሉኝ። አውቶቡሱ ደግሞ ከአምስት ሰዓት በፊት ገብቶ አያውቅም።"

"ቅዳሜ መጥተሽ እስከ ማክሰኞ ብትቆዪስ?"

"የት? ከተማ ውስጥ አንድ ሰው አላውቅም። እቤት ሦስት ልጅና የምትታለብ ላም አሉ። ላሟ ደግሞ ቀጠሮ አይገባትም።"

ዶክተሩ በልቡ "ትንሽ ሳታጋንን አትቀርም" አለ።

ወረዳው ከተማ ውስጥ ዘመዷ ቤት አደሩ። ሸሚዙም ሱሪውም ስላልደረቀ ወይዘሮ ደብሬ ለብርድ የያዘችውን የባሏን ጋቢ አለበሰችው፤ የዘመዷ ባል አሮጌ ቁምጣ ሰጠው። ጫማ በቁጥሩ ስላልተገኘ የፕላስቲክ ኮንጎ ተጫማ። ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ በየመንደሩ እየቆመ፣ ፍየልና ጄሪካን እየጫነ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከተማ ገባ። ዶክተሩ ሰዓቱን አይቶ አንገቱን ደፋ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። "አባባ፣ ካርድ ከሦስት ሰዓት በኋላ የለም።"

"እኔ ዶክተር ልዑልሰገድ ነኝ።"

ዘበኛው ከጋቢው እስከ ኮንጎው ድረስ ቀስ ብሎ አየው። "እንኳን ደስ አለዎት። ካርድ ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ የለም።"

"የካንሰር ክፍል ኃላፊው ነኝ እኮ! በየቀኑ በር ትከፍትልኛለህ!"

"ዶክተር ልዑልሰገድን በደንብ አውቃቸዋለሁ" አለ ዘበኛው ኮስተር ብሎ። "ነጭ መኪና ናቸው።"

ዶክተሩ ሰባት ዓመት በዚህ በር ሲገባ አንድም ቀን መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም እንዳላለ ትዝ አለው። ወይዘሮ ደብሬ እጅጌውን ጎተተችው።

"ዝም ይበሉ" አለችው በሹክሹክታ። "ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አስገቢ ይፈቀዳል። ዳቦ ይዣለሁ። የተኛ ሰው አለን እንላለን።"

"ውሸት እኮ ነው።"

"እሺ፣ እርስዎ እውነቱን ነገሩት፤ አስገባዎት?"

ስድስት ሰዓት ሲሆን የካንሰር ክፍሉ ኃላፊ በፌስታል ዳቦ ተሸክሞ ወደ ራሱ ሆስፒታል ገባ።

የካርድ መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ወይዘሮ ደብሬ ወረቀቷን አስገባች።

"አዲስ ታካሚ ማክሰኞ ብቻ ነው" አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለ ዶክተሩ።

"እስከ ሦስት ሰዓት።"

"አውቶቡሱ የሚገባው አምስት ሰዓት ነው።"

"እሱን ለአውቶቡሱ ይንገሩት።"

የዶክተሩ ትዕግሥት አለቀ። "ይህን ሕግ ያወጣው ማነው?"

ልጅቷ በእስክሪብቶዋ ግድግዳውን ጠቆመች። ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዶክተሩ ቀረብ ብሎ አነበበ። ከታች ክብ ማህተም አለ፤ ከማህተሙ አጠገብ ሞላ ያለ፣ ያማረ ፊርማ አለ። የራሱ ነው። ትዝ አለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ረፋዱ ላይ ኮሪደሩ ስለሚጨናነቅ፣ ወደ ስብሰባ እየሮጠ ሳለ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፎ የፈረመው ነው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም።

"ምን ይላል?" አለች ወይዘሮ ደብሬ።

"ያልሽው ሁሉ... ያሉት ሁሉ ልክ ነው ይላል።" እስከዚያች ሰዓት ድረስ "አንቺ" ሲላት ቆይቶ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ "እርስዎ" ማለቱን እሱም አላስተዋለም።

"ማን ነው የፈረመው?"

"አንድ ችኩል ሰው ነው።" ወደ መስኮቱ ዞረ። ድምፁ ለስልሶ ነበር። "እሺ እህቴ፣ ሕጉን ያወጣውን ዶክተር ጥሪልን። እሱ ይፍታልን።"

"የሉም" አለች ልጅቷ። "ገጠር ወጥተዋል።"

"ምን ሊያደርጉ?" አለ ዶክተሩ።

"ታካሚዎች ለምን እንደማይመጡ ሊያጠኑ።"

ወይዘሮ ደብሬ መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልቻለችም። ሳቋ አምልጧት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ለምን እንደምትስቅ ያላወቁት ሕመምተኞችም አብረው ሳቁ። ዶክተሩ ሊቆጣ አሰበ፤ ከዚያ ኮንጎውን አየ፣ ዳቦውን አየ፣ እሱም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጅቷ በሳቁ ተናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

"ዶክተር?!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወንበር መጣ። ውሃ መጣ። ካርድ ወጣ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከእብጠቱ ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ተዘጋጀ። ዶክተሩ ደስ ብሎት ወደ ወይዘሮ ደብሬ ዞረ፤ እሷ ግን መሳቅ አቁማ ነበር።

"ለኔ ተከፈተ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ጎረቤቴ ስንዱ ግን ባለፈው ዓመት ከዚሁ መስኮት ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲያ እንሂድ ብላት እንቢ አለች። አሁን ከአልጋ አትነሳም። ለሷ ማን ጋቢ ለብሶ ይምጣላት?"

ዶክተሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ተጠየቀ።

የወይዘሮ ደብሬ እብጠት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ዶክተሩ ቀዶ ሕክምና አደረገላት፤ መድኃኒቱንም እስከ መጨረሻው ወሰደች። ፀጉሯ ረግፎ፣ ተመልሶ በቀለ። ስትድን፣ "የፊተኛው ይህን ያህል አልነበረም፤ ደህና አድርገው ዘሩት" ብላ ቀለደችበት። ለስንዱ ግን መኪና ተልኮ ስትመጣ በሽታው ጉበቷ ደርሶ ነበር። ሕመሟን ከማስታገስ በቀር የተቻለ ነገር አልነበረም። ዶክተሩ ለቅሶ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር መሬት ተቀምጦ ዋለ። ማንም አልወቀሰውም። ያ ከስድብ ሁሉ ባሰበት።

ከዚያ በኋላ ሃያውን ገጽ ወደ ጎን አድርጎ ስብሰባ ጠራ። ሐኪሞቹ የግንዛቤ ሥልጠና ይሰጥ አሉ። ዶክተሩ ግን ሲስተር ውድነሽን፣ የካርድ ክፍሏን ልጅ፣ ዘበኛውንና ወይዘሮ ደብሬን ከጠረጴዛው ዙሪያ አስቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከሩቅ የመጣ ሰው በማንኛውም ቀንና ሰዓት ካርድ እንዲወጣለት ተስማሙ። ናሙናውም እዚያው ወረዳው ጤና ጣቢያ ተወስዶ በአውቶቡስ እንዲላክ፣ ሴትየዋ ራሷ ሳትንከራተት ውጤቷ በስልክ እንዲነገራት ሆነ። "ዕቃው ይመላለስ እንጂ ሰው ለምን ይመላለሳል?" ያለው ዘበኛው ነው። ማደሪያ ለሌላቸው ከግቢው ጥግ የነበረው የአሮጌ ወንበር መጋዘን ተጠርጎ አልጋ ገባበት። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ ወንዙ ዛሬም ሲፈልግ ይሞላል። በዓመቱ ግን ከግራር ማዶና ከአካባቢዋ የሚመጡት ሴቶች በረከቱ፤ ብዙዎቹም እብጠታቸው ገና ሽምብራ ሳያልፍ የሚመጡ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። በሽታ ከተሜውንም ገጠሬውንም ያገኛል፤ መዳን ግን ለሁሉም እኩል ቅርብ አይደለም። ሰው ሲቀር "አልገባውም" ብሎ መደምደም ይቀለናል፤ ምክንያቱም እንደዚያ ስንል ከእኛ የሚፈለግ ነገር የለም። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ ገብቶታል፤ ተነስቷል፤ መጥቷልም። ያላገኘው የሚያስገባው በር ነው። ለአንድ ሰው በደግነት መክፈት መልካም ነው። የሚበልጠው ግን ማንም ማንንም ሳያውቅ የሚገባበትን ሥርዓት ማበጀት ነው።

እርስዎስ? በሚያገለግሉበት ቦታ "ለምን አይመጡም?" የሚሏቸው ሰዎች አሉ? ከእነሱ ደጃፍ ተነስተው እስከ እርስዎ ድረስ ያለውን መንገድ አንድ ቀን እንኳ ሄደውበት ያውቃሉ?