ለአንዲት ጓሮ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «ጆሯችን ክፍት» በሉኝ።

አንድ ሽማግሌ ኤሊ ነበረ አሉ። ሚስቱ እግሯ ደክሞ ወንዝ መውረድ ስላቃታት፣ ድንጋይ የሞላባትን ትንሽ ጓሯቸውን አስቆፍሮ ኩሬ ሊያበጅላት አሰበ።

ቁፋሮ የሚያውቀው ጃርት መጥቶ ጓሮዋን ዞሮ አየ። «አያ ኤሊ፣ ለክረምት ያስቀመጥከውን ድንች ሁሉ ካልሰጠኸኝ አልጀምርም» አለው።

«ውሰደው» አለ ኤሊ።

ጃርት ቆፍሮ ድንቹን ይዞ ሄደ። ድንጋዩን እየገፉ ማውጣት ግን ለኤሊ ቀረ። በቀን አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚችለው።

ሰው መታዘብ የምትወድ ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና፣ «ሦስት እርምጃ ለማትሞላ ጓሮ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው?» አለችው።

«ሚስቴም ከሦስት እርምጃ በላይ አትሄድም» አላት።

ዝናቡ ኩሬውን ሲሞላው ኤሊ ሚስቱን ደግፎ ወደ ጓሮ አወጣት። እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ዐይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የባሏን የቆሰለ እግር አየች።

«አንተም ግባ» አለችው።

«ኩሬዋ ለሁለት ትጠብባለች።»

«ጠጋ እልልሃለሁ።»

ያን ክረምት ድንች ሳይቀምሱ፣ ቅጠል እየበሉ ከረሙ። ከኩሬው የሚያወጣቸው ግን አልተገኘም።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በውኃ አርሱ።